ሽውታ ድንጋዩን ያነሳ ዕለት

አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ እኛ ልጆቹ እየተሳሳቅን ወደ ቤት ስንሯሯጥ ባየ ቁጥር «መጀመሪያ ግቡ፤ ከዚያ ትስቃላችሁ» ይለን ነበር። ይህችን ተረት የነገረኝም እሱ ነው። ባለፈው ወደ አገሬ የሚሄደው መኪና እስኪሞላ መናኸሪያ ቁጭ ብዬ፣ አጠገቤ ላሉት አወራኋት። እናንተም ስሙኝ።

ድሮ ነው፤ ድንጋይም አፍ በነበረው ጊዜ። ከገደሉ ሥር አንዲት ምንጭ ነበረች። በጋ ሲመጣ ውኃዋ ያንሳል፤ የቀደመ ጥሩውን ይጠጣል፣ የዘገየ ጭቃ ይልሳል። ሽኮኮዎችና ዝንጀሮዎች በዚህ ተጣልተው ተጣልተው ሲሰለቻቸው «በቃ፣ በየዓመቱ እንጫወት። ያሸነፈ በጋውን ይቅደም» ተባባሉ። ኤሊን ዳኛ አደረጉ፤ ቸኩላ አትፈርድምና።

ጨዋታው ከባድ አይደለም። ሜዳው ላይ ሦስት ድንጋዮች ተቀምጠዋል፤ መድረሻው ዋርካው ሥር ነው። ዝንጀሮ፣ ሩር የምትባለውን የቆዳ ኳስ ይዞ መሃል ይቆማል። ሽኮኮ ዝንጀሮን አዘናግቶ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ይሮጣል። ይህን «ድንጋይ መስረቅ» ይሉታል። እግሩ ድንጋይ ላይ ከሆነ ማንም አይነካውም። ከድንጋይ ወርዶ ሩር ካገኘችው ግን ከጨዋታው ወጣ፤ ሦስቱን አልፎ ዋርካው ከገባ ለወገኑ ይቆጠርለታል፤ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ይህ ሌብነት ኃጢአት የለበትም፤ እግዜርም አይቶ ሳይስቅ አይቀርም።

ጨዋታው ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ወረደ፤ ከልጅ ልጆቹ ሽኮኮዎች አንዱ ሽውታ ይባላል። ሜዳ በገባ በመጀመሪያው ዓመት አንደኛውን ድንጋይ ሰረቀ።

«አንተ ደግሞ ማነህ? ስትመጣም አላየሁህ» አለው ድንጋዩ።

«ሽውታ ነኝ ጋሼ።»

«በርታ ልጄ። ሩርን ብቻ ጠንቀቅ በል፤ ክፉ ናት።»

በሁለተኛው ዓመት፣ ዝንጀሮ ዓይኑን ተክሎበት ሳለ፣ ሁለተኛውን ሰረቀ።

«አየሁህ እኮ» አለ ዝንጀሮ።

«አይተህስ? አንተ ቅማልህን ልቀም፤ እኔ ድንጋዬን ልልቀም።»

እንዲህ እያለ ሰረቀ፣ ሰረቀ፣ ሰረቀ። አያቱ በዕድሜው ሙሉ ወደሰረቀው ሊደርስ ሁለት ቀረው፤ ቆጣሪው ቁራ ነው።

ሦስተኛው ዓመት ዝናብ ያጠረበት ነበር። ግልገሎቹ በጥም ምላሳቸው ደርቋል። ጨዋታው እኩል ሆኖ ማለቂያው ላይ ደረሰ፤ ሽውታ ዋርካው ከገባ ምንጩ የሽኮኮዎች ነው። አንደኛውን ሰረቀ፤ አንድ ቀረው። ሁለተኛውን ሰረቀ፤ አያቱን አከለ። ሦስተኛው ላይ ፊጥ ሲል ቁራ ከዛፍ ላይ «ክብረ ወሰን ተሰበረ» ብሎ ለፈፈ።

ሽውታ ይህን ሲሰማ ልቡ አበጠ። ከላዩ ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ከመሬት ነቀለና ራሱ ላይ ተሸከመው፤ ይፎክርም ጀመር። «የድንጋይ ሌባ እኔ ነኝ፤ አያቴም ይየኝ።»

«ልጄ፣ አስቀምጠኝ» አለ ድንጋዩ።

«እስኪያዩኝ ነው ጋሼ።»

«አስቀምጠኝ አልኩህ።»

«እነዚያ ወዲያ ያሉት ገና አላዩኝም።»

«አስቀምጠኝ። እኔ የምጠቅምህ ከሥርህ ስሆን ነው።»

ሩር ደግሞ ዝንጀሮ እጅ ውስጥ ሆና በቀስታ «በል አሁን ወርውረኝ» አለች። ወረወራት። ሽውታን ሆዱ ላይ ጧ።

ጭቅጭቅ ሆነ። ኤሊ ከሜዳው ዳር ተነሳች፤ እስክትደርስ ሁሉም ጠበቀ። ደርሳም ወደ ላይ አየች፤ ወደ ታች አየች።

«እግርህ የት ነው?»

«መሬት ላይ፣ እትዬ።»

«ድንጋዩስ?»

«ራሴ ላይ።»

«እንግዲያው ድንጋዩ ነው አንተ ላይ የቆመው። ወጥተሃል።»

ያን በጋ ዝንጀሮዎች ቀደሙ። የሽውታ እናት ጠዋት ጠዋት ጭቃውን እየላሰች «ሽውታዬ፣ ያን ክብረ ወሰንህን አምጣውና እንጠጣው» ትለው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሽውታ ሦስቱንም ድንጋዮች ሰረቀ፤ ወዲያ ወዲህ ሳይል ዋርካው ገባ። የሳቀው ውኃ ከጠጣ በኋላ ነው።

መናኸሪያው ውስጥ ይህን ብዬ ስጨርስ ሁሉም ሳቀ። እኔም ደስ ብሎኝ ምክር ጨመርኩ፦ ጌታ ፈጣን እግር የሰጠህ እንድትደርስበት ነው እንጂ እንድትታይበት አይደለም፤ ሥራውን ጨርስና ከዚያ ፎክር። አሜንም አስባልኳቸው። ያን ጊዜ የሽንኩርት ከረጢት የታቀፈች፣ የሌላ መንገድ መኪና የምትጠብቅ የማላውቃት ሴት ትከሻዬን ነካ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦

«አባባ፣ የእርስዎ መኪና እኮ ሞልቶ ሄደ። መጀመሪያ ገብተው ቢስቁ ምን ነበረበት?»