መረብ ላይ የታሰሩት ማኅተሞች

ደብዳቤ ሆድ የሚሞላ ቢሆን ኖሮ፣ የቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት የሾመው ገዥ ኒቂፎሮስ ባለበት አገር የሚራብ ሰው ባልተገኘ ነበር። ገዥው ደብዳቤውን በክር ያሳስርና፣ ቋጠሮው ላይ ስሙና ማዕረጉ የተቀረጸበት ከባድ የእርሳስ ብረት ማኅተም ያስመታበታል።

ድርቅ በገባ ዓመት «እህል እልክላችኋለሁ» እያለ ለአንድ የዓሣ አጥማጆች መንደር ስድስት ደብዳቤ ላከ። እህሉ ግን የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

በዓመቱ መንደሩን ሊጎበኝ ሲመጣ፣ አንዲት ባልቴት ባሕሩ ዳር መረቧን ስትዘረጋ አገኘ። ጠጋ ብሎ ቢያይ፣ መረቡ እንዲሰምጥ ጠርዙ ላይ የታሰሩት ስድስቱ ማኅተሞቹ ናቸው!

ደሙ ፈላ። «አንቺ! የእኔን ስም ባሕር ውስጥ ትነክሪያለሽ? ምክንያትሽን ተናገሪ፤ አለዚያ እጅሽ ይቆረጣል!»

ባልቴቷ እጇን ከመረቡ ላይ እንኳ አላነሳችም።

«ጌታዬ፣ ድንጋይ ስናስርበት መረቡን እየቀደደ ዓሣ አጥተን ነበር። እህል ስንጠብቅ የእርስዎ ማኅተም መጣልን፤ እሱን አስረን መንደሩ ዓሣ እየበላ ከረመ። ማኅተምዎ ለሰው የጠቀመው ባሕር ከገባ ወዲህ ነው። እርስዎም ቢገቡ ሳይጠቅሙን አይቀሩም።»