ተጠቃሚ የላትም የተባለችው መስመር

አንዲት ተረት አለችኝ፤ ጉልበት ያለው ይከተለኝ። ጉልበት ማለቴ ደረጃ ስላላት ነው።

አዳማ ውስጥ ወይዘሮ ትርንጎ የሚባሉ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነበሩ። ልጃቸው ማስተዋል እሑድ ልትዳር ነው። አባቷ ጋሽ ገብረየስ ከአምስት ዓመት በፊት ከመሞታቸው አስቀድሞ፣ ለሠርጓ ቀን ብለው ምርቃታቸውን በድምፅ ቀድተው በአንድ አሮጌ ዲስክ አስቀምጠውላታል። የወይዘሮ ትርንጎ ፍላጎት ይህችው ናት፤ እሑድ ምርቃቱ ይሰማ።

ሐሙስ ጠዋት ዲስኩን ሰኩና ኮምፒውተሩን “ምርቃቱን አሰማኝ” አሉት።

“ዲስኩ አልነበብ አለኝ” አለ ኮምፒውተሩ።

“አንተ ዲስክ፣ ለምን አትነበብም?”

“ከርነሉ አላውቅህም ብሎኝ ነው” አለ ዲስኩ። ከርነል ማለት የኮምፒውተሩ ዘበኛ ነው በሉት። እሱ ያላወቀውን ዲስክ ማንም አይከፍተውም።

“አንተ ከርነል፣ አምና ያወቅኸውን ዘንድሮ እንዴት አላውቅም ትላለህ?”

“አሮጌ ዲስክ የማውቅባት አንዲት የኮድ መስመር ነበረችኝ። ባለፈው ሲያድሱኝ ተቆረጠች። የቆረጣት ስንሻው ነው፤ ይኸው ስሙና መሥሪያ ቤቱ።” የኮድ ጠባቂዎች ወግ እንዲህ ነው፤ የነካ ሁሉ ስሙን ይጽፋል፣ መደበቅ የለም።

መስመሯ አትመለስ፣ ከርነሉ አያውቅ፣ ዲስኩ አይነበብ፣ ምርቃቱ አይሰማ! ወይዘሮ ትርንጎ ዲስኩን በነጠላቸው ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ወጡ።

የስንሻው መሥሪያ ቤት ባለ ሦስት ፎቅ ነው። ሊፍት አለው፤ አይሠራም። እያለከለኩ አንደኛ ፎቅ ደረሱ።

“አንተ ነህ ስንሻው? መስመሯን መልሳት።”

ስንሻው የሆነውን ሁሉ ሰማና አንገቱን ደፋ። “እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ኮዱን ሳጸዳ ‘ተጠቃሚ የላትም’ ብዬ ጣልኳት። መመለሻውን አሁኑኑ እጽፋለሁ። ግን የራሴን ሥራ ራሴ አላጸድቅም። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ሐዊ አይታ ካልፈረመች ከርነሉ ውስጥ አላስገባውም።”

ስንሻው አያስገባ፣ መስመሯ አትመለስ፣ ከርነሉ አያውቅ፣ ዲስኩ አይነበብ፣ ምርቃቱ አይሰማ! ወይዘሮ ትርንጎ መወጣጫውን ይዘው ወደ ሁለተኛ ፎቅ።

“አንቺ ልጅ፣ ስንቱን ያዋለድኩ አዋላጅ ነኝ፤ አታመላልሺኝ፣ ፈርሚለት።”

ሐዊ ወንበር አቀረበችላቸው፣ ውሃ ሰጠቻቸው። ብዕሩን ግን አላነሳችም። “እማማ፣ ስንሻው የላከልኝ መመለሻ ጥሩ ነው። ግን ተሞክሮ ሠራ ሳይባል አልፈርምም። የሚሞክረው ቶሎሳ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ።”

“አራተኛ ፎቅ የለውም አይደል?”

“የለውም።”

“ተመስገን።”

ሐዊ አትፈርም፣ ስንሻው አያስገባ፣ መስመሯ አትመለስ፣ ከርነሉ አያውቅ፣ ዲስኩ አይነበብ፣ ምርቃቱ አይሰማ! ጉልበታቸውን እየረገሙ ሦስተኛ ፎቅ ወጡ። ቶሎሳ ጠረጴዛው ላይ ዲስክ እንደ ድንች ከምሮ ተቀምጧል።

“ልጄ፣ ሞክረው።”

“በምን ልሞክረው እማማ? ይሄ ሁሉ አዲስ ዲስክ ነው። በአሮጌው ሥርዓት የተጻፈ ዲስክ ከገበያ ከጠፋ ቆየ። እውነተኛውን አንድ ካላገኘሁ አልሞክርም። የት ይገኝ ይሆን?”

ወይዘሮ ትርንጎ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው አቀፉ። ቶሎሳ ቦርሳውን አየ። እሳቸውም ማየቱን አዩ።

“አልሰጥም” አሉ። “ቢበላሽስ? የባሌ ድምፅ ሌላ ቦታ የለም። መጀመሪያ ምርቃቱን አሰሙኝ፣ ከዚያ ዲስኩን ውሰዱ።”

አሁን ጉድ ፈላ። ትርንጎ አይሰጡ፣ ቶሎሳ አይሞክር፣ ሐዊ አትፈርም፣ ስንሻው አያስገባ፣ መስመሯ አትመለስ፣ ከርነሉ አያውቅ፣ ዲስኩ አይነበብ፣ ምርቃቱ አይሰማ፤ ምርቃቱ ስላልተሰማ ደግሞ ትርንጎ አይሰጡ! ስንሻውና ሐዊም ወጥተው መጡ። አራቱ ተፋጠጡ።

“ይህን በሽታ ከኮድ ውስጥ አውቀዋለሁ” አለች ሐዊ። “ሁሉም የያዘውን ጨብጦ የሌላውን ይጠብቃል። አንዱ ካልለቀቀ ሁሉም እንደቆመ ይቀራል።”

“እና ለምን እኔ? ለምን እናንተ አትለቁም?”

ስንሻው መለሰ። “ስቆርጣት ሳላስሞክር ነበር እማማ። እርስዎን ያንከራተትኩት በዚያ ነው። ዛሬም ሳላስሞክር ብመልሳት የሌላ እናት ዲስክ ይበላሻል።”

እውነት ነዋ፤ እውነት ደግሞ አንዳንዴ ያናድዳል።

ቶሎሳ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “መጀመሪያ ሳልከፍተው እንዳለ እገለብጠዋለሁ። የምሞክረው በግልባጩ ነው። የእርስዎ ዲስክ ላይ አንዲት ነጥብ አልጽፍም። እስኪያልቅ አጠገቤ ይቀመጡ፣ ዲስኩንም እርስዎ ይያዙት፤ እኔ ገመዱን ብቻ እሰካለሁ።”

ሐዊም አከለች። “እማማ፣ አዋልደው ልጁን ለእናቱ አልሰጥም ብለው ያውቃሉ?”

“ኧረ በስመ አብ! ልጁን ሳስታቅፋቸውም ግን እፈራ ነበር” አሉ፤ ቦርሳውንም ከፈቱት። ዲስኩን ከነነጠላው ታቀፉት። ፈርተው ነበር፣ በጣም ፈርተው ነበር። ግን ገመዱን እንዲሰካ ፈቀዱ።

ትርንጎ ሰጡ፣ ቶሎሳ ገለበጠ፣ ቶሎሳ ሞከረ፣ ሐዊ ፈረመች፣ ስንሻው አስገባ፣ መስመሯ ተመለሰች፣ ከርነሉ አወቀ፣ ዲስኩ ተነበበ! ከድምፅ ማጉያው አንዲት ሳል ተሰማች። የጋሽ ገብረየስ ሳል።

“ዝጋው” አሉ ወይዘሮ ትርንጎ፤ እንባቸው ይወርዳል። “ሌላው የማስተዋል ነው።”

ስንሻውም ከመስመሯ በላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ “ተጠቃሚ አላት። አትቁረጧት።” ስሙንም ጻፈ።

እሑድ አዳራሹ ሞልቶ፣ ሦስቱም ተጋብዘው፣ ዲስኩ ተሰካ። ሳሏ መጣች። ከዚያም ጋሽ ገብረየስ “ትርንጎ፣ ይሄ ነገር ይቀዳል?” ሲሉ ተሰሙ። ቀጥሎ ጸጥታ ሆነ። ያኔ ሲቀዳ ወይዘሮ ትርንጎ የመለሱት ራሳቸውን በአዎንታ በመነቅነቅ ብቻ ነበርና።

አሁን ግን ከመቀመጫቸው “ይቀዳል። መርቃት” አሉ።

ጋሽ ገብረየስም መረቁ። “ልጄ፣ ውለጂ፣ ክበጂ። ያስቀመጥሽው አይጥፋብሽ።”

አዳራሹ በሙሉ አሜን አለ። ከሁሉም በላይ ግን ጎላ ብሎ የተሰማው ከጥጉ ጠረጴዛ የመጣው የስንሻው፣ የሐዊና የቶሎሳ አሜን ነበር።

ተረቴን ጨረስኩ፣ ደረጃውን ወረድኩ።