ፍሬ የማይጠብቅ ዕዳ

አንድ ገበሬ ነበረ። ተቀመጪ ልጄ፣ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ፤ ተበድሬ ታሪክ ብማር በኋላ የማገኘው ደመወዝ ዕዳውን ይችለዋል ወይ ነው ያልሽኝ። መልሱን ከዚህ ገበሬ ታገኚዋለሽ።

ገበሬው ቆላ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር ትንሽ መሬት ነበረችው። ማሽላ እየዘራ ቤቱን ያኖራል። ልቡ ግን ማሽላ ላይ አልነበረም። ከእሱ በኋላም የሚቆም፣ ጥላ ያለው ነገር መትከል ይመኝ ነበር። በምኞቱ አልነቅፈውም።

አንድ ባለጸጋ የማንጎ ችግኝ ይዞ ወደ ገበያ መጣ። የበሰለ ማንጎ በቢላ እየቆረጠ አላፊ አግዳሚውን ያስቀምሳል። «ይህ ዛፍ የልጅ ልጆችህን ያበላል» ይላል። አልዋሸም። ማንጎ እንዲያ ያለ ዛፍ ነው። ገንዘብ ለሌለው ደግሞ በዱቤ ይሰጣል፤ ዋጋው በአምስት ዓመት፣ በየዓመቱ ጥር ላይ፣ ከነወለዱ ይከፈላል። የሚፈለገው ዋስ መጥራት ብቻ ነው።

ገበሬው ቀመሰና ዓይኑ በራ። ስለ ጣዕሙ ጠየቀ፣ ስለ ቁመቱ ጠየቀ፣ ስለ ጥላው ጠየቀ። ሚስቱ የጠየቀችው ሌላ ነው።

«በስንት ዓመት ነው የሚያፈራው?»

«እሱ እንግዲህ እንደ አያያዛችሁ ነው፣ እመቤቴ» አለ ባለጸጋው እየሳቀ።

«ጎበዝ ገበሬ ቢይዘውስ?»

«አንቺ ደግሞ!» አለ ባሏ አፍሮ። «ሰውዬው የልጅ ልጅ ያበላል ሲል አንቺ ቀን ትቆጥሪያለሽ!» ዞር ብሎም የሚስቱን ወንድም ለዋስነት ጠራ። እሱም «ለእህቴ ባል ዋስ ካልሆንኩ ለማን ልሆን?» ብሎ ፈረመ። ይህ ሰው ሀብቱ ሁለት የእርሻ በሬዎች ነበሩ።

አርባ ችግኝ ተተከለ፤ የማሽላውን መሬት ያዘው። ከዘር የበቀለ ማንጎ እስኪያፈራ አምስት ስድስት ዓመት ይፈልጋል። ባለጸጋው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ዕዳው ግን በመጀመሪያው ጥር ደረሰ። ገበሬው በጎቹን ሸጦ ከፈለ። በሁለተኛው ጥር ላሚቱን ሸጠ። ከዚያ የሚሸጥ አጣና በሰው ማሳ ላይ የቀን ሥራ ገባ። እሱ የሰው ማሳ ሲኮተኩት የራሱ ችግኝ ሊደርቅ ነበር፤ ሚስቱ ናት ከወንዝ በእንስራ እየቀዳች ያተረፈቻቸው። ባልተከፈለው ላይ ወለድ ተጨመረ፣ በወለዱም ላይ ወለድ።

በአምስተኛው ጥር ዛፎቹ አበባ አወጡ። ገበሬው እየሮጠ ባለጸጋው ደጅ ደረሰ።

«ጌታዬ፣ አበባ ይዟል! እስከ ሰኔ ብቻ ይታገሡኝ!»

«አበባ ልቀበል ነው እንዴ ያበደርኩህ? ውልህ ጥር ይላል።»

በማግስቱ የባለጸጋው ሰዎች የዋሱ አውድማ ላይ ደረሱ። በሬዎቹ እየተዘዋወሩ ጤፍ ሲያበራዩ ነበር። ከውቂያው መሀል ፈትተው ነዷቸው። ገበሬው ሰምቶ እየሮጠ ደረሰ። ዋሱ መንሹን እንደያዘ ቆሞ የእህቱን ባል አየው። ገበሬው ያን ዓይን መሸከም አቃተው።

ቤቱ ገባ፣ መጥረቢያውን አነሣ፣ አርባውንም ከነአበባቸው ቆረጣቸው። ሚስቱ «ተው! ሰኔ እኮ ቅርብ ነው!» እያለች ግንዱን አቅፋ ነበር፤ እጇን አላቆ ቆረጠ። እንጨቱን ለከሰል አክሳይ ሸጠ፤ አልበቃ ቢለው መሬቱን ለባለጸጋው አከራየና በሬዎቹን አስመለሰ። ባለጸጋው ገበያ ላይ ምን ሲል ሰነበተ መሰለሽ? «ምስኪን! ትዕግሥት እኮ የለውም።»

ትዕግሥት! አስልቼዋለሁ፤ የእነዚያ ዛፎች የመጀመሪያ ምርት ብቻ የቀረውን ዕዳ ከፍሎ ይተርፍ ነበር። ያን ቤት ዛፉ አላፈረሰውም። ያፈረሰው ዛፉ የሚያፈራበትን ዓመት እያወቀ ዕዳውን ከዚያ በፊት የቀጠረው ሰው ነው።

ታሪክ መማርም ማንጎ መትከል ነው፣ ልጄ። አካውንቲንግ የተማረች ጓደኛሽ በመጀመሪያው ዓመት ማሽላዋን ታጭዳለች፤ አንቺ በትንሽ ደመወዝ ብዙ ትቆያለሽ። ይህ ነውር አይደለም። ነውሩ በስድስት ዓመት የሚያፈራን ዛፍ በዓመቱ በሚጠየቅ ዕዳ መሸጥ ነው። በዱቤ ላስተምርሽ የሚልሽ ኮሌጅ አጥሩ ላይ ፎቶዋን የሰቀላት ጋዋን ለባሽ ልጅ የምታስቀምስ ማንጎ ናት። ሂጂና ጠይቂያቸው፤ ከሦስት ዓመት በፊት ታሪክ ተምረው የወጡት ዛሬ ስንት ያገኛሉ? ክፍያው የሚጀምረው ሥራ ሳገኝ ነው ወይስ በተመረቅኩ ማግስት? «እንደ ጉብዝናሽ ነው» ካሉሽ ተነሥተሽ ውጪ። የእነሱን ገቢ ቀን ቆርጠው ይጽፉታል፤ ያንቺን ለጉብዝናሽ ይተዉታል!

ገበሬውንም ግን አልምረውም። በራሱ በግ ይሳሳት፣ መብቱ ነው፤ በሰው በሬ እንዲሳሳት ማን ፈቀደለት? ቅድም ዋስሽ ማን ነው ብልሽ መሬት መሬት አየሽ። በክንድሽ ሥር የያዝሽው የእናትሽ ቤት ካርታ ነው፣ አይደል? ተነሺ። ወስደሽ በእጇ መልሺላት። ከዚያ ነይና ያለ እሷ ጣሪያ እንዴት እንደምትማሪ ቁጭ ብለን እናሰላለን።