ጉድጓዱን በሰውነቷ የከደነች ሴት

«አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበረ» አሉ መምህርት እልፍነሽ።

ይርሳው ጥያቄውን ከአፉ ማውጣቱ ነበር። ኮሌጁ የጤናና የደኅንነት አስተማሪ እንዲሆኑ ከሚያሠለጥናቸው አንዱ ነው፤ በፈተና የሚስተካከለው የለም። «መምህርት፣ የበሽታውንም የአደጋውንም ትምህርት ጨርሻለሁ። ታዲያ መንደር ወርጄ፣ ሰሚው በእጁ ሠርቶ እስኪያሳየኝ ድረስ መደጋገም ለምን ያስፈልገኛል? እኔ እነግራለሁ፤ መስማት የእነሱ ፋንታ ነው» ነበር ያለው።

መምህርቷ ቀጠሉ።

ሰውየው ውሃ በሚቸግርበት ቆላ ከመንደር መንደር እየዞረ ጉድጓድ የሚቆፍር ነበር። አፈሩን በእጁ አሽቶ ውሃው ስንት ክንድ ላይ እንዳለ ይናገራል። ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ግን የጉድጓድን ክፉ አየር ነው። ተከድኖ የከረመ ጉድጓድ ውስጥ ቀለምም ሽታም የሌለው አየር ይተኛል፤ የገባበትን ሰው ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ይጥላል። ስለዚህ እሱ ከመውረዱ በፊት ፋኖስ ለኩሶ በገመድ ይሰዳል። ፋኖሱ እንደበራ ከቆየ ይወርዳል፤ ከጠፋ ንቅንቅ አይልም። ሥራውን ጨርሶ ሲሄድም መንደርተኛውን ሰብስቦ፣ «ተከድኖ የከረመ ጉድጓድ ዘላችሁ እንዳትገቡ፤ አየሩ ይገድላል» ይላል። ሰዉም «እሺ፣ ዕድሜ ይስጥህ» ብሎ መርቆ ይሸኘዋል።

አንድ ዓመት፣ ከቆፈረላቸው መንደሮች በአንዱ ሦስት ወንድማማቾች በአንድ ቀን መሞታቸውን ሰማ። የመጀመሪያው የወደቀ ባልዲ ሊያወጣ ገብቶ ቀረ። ሁለተኛው እሱን ሊያወጣ ገባ። ሦስተኛው ሁለቱን። ቆፋሪው ለቅሶ ሊደርስ ሄደ። እናታቸው መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ እኔ እኮ ነግሬያቸው ነበር» አላቸው።

ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩት። «አዎ፣ ነግረሃቸዋል። ልጆቼም ሰምተዋል። ግን አየር ይገድላል ቢሉት ማን ያምናል፣ ልጄ? የምንኖረው በእሱ አይደለም ወይ?»

ቆፋሪው ይህን ቃል ይዞ ከለቅሶው ቤት ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ነግሮ መሄድን ተወ። በሚቀጥለው መንደር አንድ አሮጌ ጉድጓድ አስከፈተና ሰዉን ዙሪያውን አቆመ። ነገሩ ካልገባት የማትለቅ አንዲት ሴት ነበረች። «የታል ገዳዩ? እኔ የሚታየኝ ነገር የለም» አለችው። ፋኖሱን እጇ ላይ አኖረላትና «አንቺው አውርጂው» አላት። አወረደችው። ገመዱ አሥር ክንድ ያህል ሲወርድ መብራቱ፣ ነፋስ ሳይነካው፣ እልም አለ። ሴትዮዋ ደንግጣ ጮኸች። ስባ አወጣችው፣ ለኮሰችው፣ ደግማ ሰደደችው፤ አሁንም ጠፋ። ያን ቀን በመንደሩ ያ ገመድ ያላለፈበት እጅ አልነበረም።

ሁለት ዓመት አለፈ። ቆፋሪው ከዚያ መንደር በላይ ባለው ተረተር ሲያልፍ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ታች ጉድጓዱ ዘንድ ሰው ሲተራመስ አየ። ሥራ ፍለጋ ርቆ ኖሮ የተመለሰ፣ የፋኖሱን ነገር ያላየ ሰው ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ድምፁ ጠፍቷል። አብረውት የተመለሱት ሦስት ወንድሞቹ ሊከተሉት ልብሳቸውን እያወለቁ ነው። ቆፋሪው ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ። ነፋሱ ቃሉን ወሰደው። ቁልቁል ሮጠ፤ መንገዱ ግን ሩቅ ነው።

ያኔ ፋኖሱን መጀመሪያ ያወረደችው ያቺ ሴት ከሰው መሐል ወጥታ የጉድጓዱ አፍ ላይ በደረቷ ተዘረጋች። በሁለት እጇ የአፉን ድንጋይ ጨመደደች። ታላቅየው ወንድም በእርግጫ መታት፤ ነጠላዋን ይዞ ጎተታት።

«ወንድሜ ነው! ተነሺልኝ!»

«ፋኖስ አምጡ!» አለች እሷ። «መጀመሪያ ፋኖስ!»

አመጡላት። ከቦታዋ ሳትነሣ በብብቷ ሥር አሳልፋ አወረደችው። ወንድማማቾቹ አጎንብሰው አዩ። መብራቱ እልም አለ። ታላቅየው ነጠላዋን ለቀቀ። ከዚያ ቅጠላም ቅርንጫፍ በገመድ አስረው፣ ወደ ላይ ወደ ታች እየናጡ፣ ፋኖሱ ሳይጠፋ እስኪቆይ አየሩን ለወጡት። ታላቅየውም ወገቡን በገመድ ታስሮ ወረደና ወንድሙን አወጣው። ነፍሱ አልፋ ነበር።

ቆፋሪው እያለከለከ ሲደርስ ሦስቱ ወንድማማቾች አስከሬኑን ከበው ያለቅሱ ነበር። ሦስቱም ይተነፍሳሉ። ባርኔጣውን አወለቀ። ከዐለት ሥር ውሃ ሲፈልቅ ስንት ጊዜ አይቷል፤ ለዚያ እንኳ ባርኔጣውን አውልቆ አያውቅም። ከንፈሯ ወደ ደማው ሴት ቀርቦ፣

«እላዩ ላይ ተኚ ብዬ እኔ አላስተማርኩሽም» አላት።

«አላስተማርከኝም። መብራቱ በእጄ ሲጠፋ ግን ሰውም እንደዚያ እንደሚጠፋ ታየኝ። ይህ ከታየኝ በኋላ እንዴት ቆሜ ልይ?»

መምህርት እልፍነሽ ወደ ይርሳው ዞሩ።

«ቆፋሪው አንተ ነህ፣ ልጄ። ለእነዚያ ለሞቱት የነገራቸው ቃል አንዲት ስሕተት አልነበረባትም፤ ያንተም አይኖርባት ይሆናል። አደጋ በሚመጣበት ሰዓት ግን አንተ ሩቅ ነህ፤ ብትጮህም አትሰማም። አጠገቡ የሚገኙት እነሱ ናቸው። በእጃቸው እስኪሠሩት ድገም የምንልህ ስለዚህ ነው። ፊትህ ከሚቀመጡት መሐል ደግሞ ያቺ ሴት የትኛዋ እንደሆነች አታውቅም። ስለዚህ ማንንም ሳትዘል ገመዱን ለሁሉም አስይዝ።»