የአሰገደች ባቄላ ለምን ተጣመመ

ሁለት የተጣሉ ሰዎች ታርቀው፣ ተሳስመው፣ ግን አሁንም በጎን ዓይን ሲተያዩ ሽማግሌ ያየ እንደሆነ አንዲት አጭር አባባል ጣል ያደርግባቸዋል። ልጆች ሲሰሟት ስለ እርሻ ብቻ የተነገረች ይመስላቸዋል። አልተሳሳቱም፤ የተወለደችው ከጨፌ አምባ፣ ከባቄላ ማሳ ውስጥ ነው።

በጨፌ አምባ ወይዘሮ አሰገደች የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ከልጃቸው ከማንደፍሮና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ፤ ዶሮ እንኳ ወደ ሕፃናቱ ጠጋ ስትል እሳቸው ይደነግጣሉ። በዚያ ክረምት የማሳ ጎረቤታቸው ሸዋቀና ከእርሻው ውሃ የሚያወጣበትን ፈሰስ ወደ እሳቸው ስንዴ አዞረው። ስንዴው ውሃ ተኝቶበት ቢጫ ሆኖ ቀረ። ሽማግሌ ገባ፤ ሸዋቀና ፈሰሱን መለሰ፤ ድንጋይ ተሸክሞም ይቅርታ ጠየቀ። ወይዘሮ አሰገደችም ጉንጩን ሳሙት። ከዚያ በኋላ ግን የቤቱ ቀለብ በሙሉ በባቄላው ላይ ቀረ።

ባቄላውን አሰገደች ራሳቸው ጎንበስ ብለው በእጃቸው ነበር ያረሙት። አንድ አረም አልቀረበትም። አበባ ሊያወጣ ሲል ግን ክሽክሽ ወረደበት፤ ጥቃቅን ጥቁር ነፍሳት ግንዱን አለበሱት። ማንደፍሮ ከከተማ የክሽክሽ መድኃኒት ገዝቶ መጣ። መርጫ ግን የለውም። ይህን የሰማው ሸዋቀና የራሱን መርጫ አዝሎ መጣና ከደጃፋቸው አስቀመጠው። አሰገደች በር ላይ ቆመው ሲያዩት አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ተመለሰ።

«ምን አለህ?» አሉት ልጃቸውን።

«ምንም። አስቀምጦ ሄደ።»

«ፈሰስ ለመመለስ አገር ያስለመነ ሰው፣ ዛሬ ሳይለመን መርጫ ያመጣል? ያውም ዝም ብሎ?»

«ታርቀናል እኮ፣ እማዬ።»

«የታረቃችሁትስ እናንተ ናችሁ። እኔ የሳምኩት ሽማግሌዎቹን አፍሬ ነው።»

መክደኛውን ከፍተው አሸተቱ። ከታች ጥቂት ፈሳሽ ቀርቷል፤ ሽታው አፍንጫቸውን ወጋቸው። ማንደፍሮ ሊያጥበው ውሃ ይዞ ወደ ጓሮ ሲያመራ ከፊቱ ተገተሩ።

«የት ልትደፋው ነው?»

«እዚሁ ጓሮ፣ ለቅለቅ አድርጌው...»

«ሕፃናቱ በሚድሁበት? የእሱ እጅ ምን እንደጨመረበት ታውቃለህ? ከነጉዱ ከደጄ አውጣልኝ።»

«እሺ፣ ወንዝ ልውሰደው?»

«ከብቱ የሚጠጣውን? ምን ነካህ አንተ ልጅ?»

ማንደፍሮ እናቱን ተከራክሮ አያውቅም። መርጫውን እንዳለ አዝሎ ማሳ ወረደ፤ መድኃኒቱን በጥብጦ ጨመረበትና ዝናብ እስኪያባርረው ድረስ ግማሹን ማሳ ረጨ።

ቀናት ሳያልፉ የተረጨው ባቄላ መጣመም ጀመረ። ጫፉ እንደ በግ ቀንድ ተጠቀለለ፤ ቅጠሉ ተጨማደደ። «ክሽክሹ ነው እንዲህ የሚያደርገው፤ የቀረውን ሳይጨርሰው ልድረስበት» አለና ማንደፍሮ በጠዋት መርጫውን አዝሎ ወጣ። አሰገደች ደግሞ የአስታራቂዎቹ አለቃ ወደነበሩት ወደ ጋሽ እንግዳሸት ቤት ገሰገሱ።

«ፈሰሱ አልበቃ ብሎት መርዝ ላከብኝ» አሏቸው። «ዛሬውኑ መጥተው ይዩልኝ። እነዚያ ልጆች ምን ሊበሉ ነው?»

ጋሽ እንግዳሸት ሸዋቀናን ከቤቱ ጠርተው ሦስቱም ማሳ ሲደርሱ፣ ማንደፍሮ ሊረጭ ተዘጋጅቶ ቆሟል። ሽማግሌው ከተጣመመው ባቄላ አንዱን ነቅለው አገላበጡት።

«ማንደፍሮ፣ እጅህን ሰብስብ። እንዳትረጭ። ይኼ የክሽክሽ ሥራ አይደለም። ከስንዴ ማሳ ዳር ነፋስ የአረም መድኃኒት ሲያሻግርበት ባቄላ እንዲህ ሲሆን አይቻለሁ።» ወደ ሸዋቀና ዞሩ። «በዚህ መርጫ መጨረሻ የረጨኸው ምንድን ነው?»

«የስንዴ አረም መድኃኒት ነው። ስንዴውን ትቶ ቅጠለ ሰፊውን የሚገድለውን።»

«የባቄላስ ቅጠል ቀጭን ነው?»

«ሰፊ ነው» አለ ሸዋቀና።

«ይኸው፣ ከአፉ ሰማችሁ» አሉ አሰገደች። «እያወቀ ነው።»

«ለምን አጥበህ አልሰጠህም?» አሉት ጋሽ እንግዳሸት ሸዋቀናን። «አጥባችሁ ተጠቀሙ ማለትስ ምን ከለከለህ?»

«የሰው መርጫ የተዋሰ ያጥበዋል ብዬ ነው፣ ጋሽ እንግዳሸት። ልናገርም መጥቼ ነበር። እትዬ አሰገደች በር ላይ ቆመው እንደዚያ ሲያዩኝ፣ አፌን ብከፍት ፈሰሱን ያነሱብኛል ብዬ ፈራሁ።»

«ማንደፍሮ፣ አንተስ ለምን አላጠብከውም?»

ማንደፍሮ እናቱን አየ፤ ከዚያ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። «ውሃ... ቸኩዬ ነው» አለ።

አሰገደች፣ ልጃቸው ለእሳቸው ሲል እየዋሸ መሆኑ ገባቸው።

«እኔ ነኝ የከለከልኩት» አሉ። «ለልጆቹ ሰግቼ ነው። የእሱ ዕቃ የታጠበበት ውሃ ደጄ እንዳይደፋ ብዬ።»

«ከልጆች ማራቅሽ ደግ ነበር፤ ማሳው ዳር፣ ከወንዙ ርቆ፣ በሳሙና ደጋግሞ መታጠብ ይችል ነበር» አሉ ጋሽ እንግዳሸት። «ግን አንቺ ስለ ሰውየው እንጂ ስለ ዕቃው መች አሰብሽ? እሱም ከቂምሽ ሲሸሽ የሚናገረውን ዋጠ።»

ሸዋቀና በቀስታ፣ «የቀረው እንዲተርፍ ከአማቼ ቤት ሌላ መርጫ ላምጣ፤ አጥቤ እኔው እረጨዋለሁ» አለ።

አሰገደች ዓይናቸውን አጠበቡ። «አማችህ ደግሞ ምን ሲረጭበት ነው የከረመው?»

ማንደፍሮ ሳቁ አመለጠው። ጋሽ እንግዳሸት ግን አልሳቁም፤ መርጫውን ከማንደፍሮ ጀርባ አውርደው ማሳው ዳር ዘቀዘቁትና፣ የሚንጠባጠበውን እያዩ፣ «እንግዲህ ሁለታችሁም ስሙኝ፤ ያልታጠበ መርጫ የትናንቱን ይረጫል» አሉ።