ቆሎውን ይዞ ሆቴል የገባ ገበሬ

አንድ ገበሬ ነበረ። ቁጭ በል ምትኩ፤ ጥያቄህን ሰምቼዋለሁ፣ መልሱን ግን ቆመህ አልነግርህም። የመንግሥት መሐንዲስ ነህ። በሚቀጥለው ሳምንት አዲሱን ትምህርት ቤት መርምረህ «ልጆች ይግቡበት» ወይም «አይግቡበት» ትላለህ። የሠራው ተቋራጭ ደግሞ ከምርመራው በፊት ሦስት ቀን መሃል ከተማ ትልቁ ሆቴል ላሳርፍህ ብሎ ጠርቶሃል። አንተም መጥተህ፣ «አጎቴ፣ ብበላላቸው ምን አለበት? እኔ እንደሆነ ሐሳቤን አልለውጥ» አልከኝ። መጠየቅህ ደግ ነው። እንግዲህ ስማ፤ መሃል ላይ ስልክህን ከነካካህ ግን አቆማለሁ።

ገበሬውን ጻድቅ ነው ብለህ እንዳታስብ። ግትር ሰው ነበር፤ ለአንድ ክንድ ድንበር ከጎረቤቱ ጋር ሰባት ዓመት ተካሷል። ባገሩ አንዲት ምንጭ ነበረች። ሦስት መንደር ከነከብቱ የሚጠጣው ከእሷ ነው፣ በጋም አትደርቅም። አንድ ባለጸጋ ውሃዋን በፕላስቲክ እያሸገ ሊሸጥ አሰበና አጥሬ ልያዛት አለ። ሕዝቡ ተሰብስቦ ሦስት ሽማግሌ መረጠ፤ አንድ ነጋዴ፣ አንድ የቀድሞ ሊቀ መንበር፣ ሦስተኛው ይኸው ገበሬ። ሦስቱም ካልፈረሙ ወረቀቱ አይጸናም። ሕዝቡም «ሂዱ፣ ተነጋገሩ፣ እሺ ብላችሁ ግን እንዳትመጡ» ብሎ ላካቸው።

ባለጸጋው ብልህ ነበር። አልተቆጣም፣ አላስፈራራም። መኪና ላከና ሦስቱንም መሃል ከተማ ከትልቁ ሆቴል አሳረፋቸው። «ስብሰባው በሦስተኛው ቀን ነው፤ እስከዚያ ዕረፉ» አላቸው።

ዕድሜያቸውን ሙሉ አይተውት የማያውቁት ቤት ነው። በሩ ራሱ ይሽከረከራል፤ ሊቀ መንበሩ ገባሁ ሲል ዞሮ ተመልሶ ደጅ ወጣ። ለእያንዳንዳቸው ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ክፍል ተሰጣቸው። አልጋው ሦስት ሰው ያስተኛል፣ ከገላ መታጠቢያው በር ላይ ነጭ ካባ ተሰቅሏል፣ ከሥሩ ነጭ ነጠላ ጫማ። ጠዋት ሲወርዱ ምግቡ እንደ ሠርግ ቤት ተደርድሮ ይጠብቃቸዋል፤ ያማራቸውን እያነሱ መብላት ነው። ነጋዴው ሳህኑን ከምሮ ተቀመጠና ገበሬውን፣ «ብላ እንጂ ሰውዬ። እነሱ ያብሉን፤ እኛ እንደሆነ ሐሳባችንን አንለውጥ» አለው። ይህችን ቃል ያዝልኝ።

ገበሬው ግን ከቤቱ ሲነሳ ሚስቱ ቆሎና በሶ በከረጢት ቋጥራለት ነበር። ወደ ክፍሉ ወጥቶ በሶውን በውሃ በጠበጠ፣ ጠጣ። ቆሎውን ቆረጠመ። ሲመሽም ጋቢውን ወለሉ ላይ አንጥፎ ተኛ።

ምን አልክ? ወለሉስ የማን ነው? ይህን እንደምትል አውቄ ነበር፤ መሐንዲስ አይደለህ። ጣራማ ለመንገደኛ የእግዜር ነው። የመሸበት ሰው ደጅ ቢያንኳኳ፣ ባገራችን አሳደርኩህ ብሎ ውለታ የሚቆጥር የለም። የሚያስረው ማዕድ ነው። የሰው እንጀራ በልተህ በማግስቱ ዓይን ዓይኑን እያየህ እንቢ ልትለው አትችልም። ሕግ አይደለም፣ የትም አልተጻፈም፤ ይሉኝታ ነው። ገበሬው ይህን ስለ ራሱ ያውቅ ነበር። ብርቱ ስለሆነ አልነበረም የማይበላው፤ ደካማ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው።

የሆቴሉ ሰዎች ግራ ገባቸው። በሁለተኛው ቀን ጾመኛ መስሏቸው የጾም በያይነቱ እስከ ክፍሉ ላኩለት። ወሩ ጾም እንኳ አልነበረም። ያመጣችው አስተናጋጅ ቆይታ ስትመለስ ምግቡ እንዳለ አገኘችውና ደነገጠች።

«አባባ፣ ምግቡ አልተስማማዎትም?»

«ተስማምቶኛል ልጄ። ሽታው ራሱ እሺ በል፣ እሺ በል ይለኛል። ውሰጂልኝ።»

«ሳይነካ ብመልሰው ምን አጥፍተሽ ነው ብለው ይቆጡኛል።»

«ሰውየው የቤቱን ነው የሚበላው በያቸው። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።»

ባለጸጋው በየቀኑ ራሱ እየመጣ «ተመቻችሁ ወይ?» ይላል። ስለ ምንጯ አንድ ቃል አይተነፍስም። ነጋዴውን በእንፋሎት አስታጠበው። ሊቀ መንበሩ ወገቡን እንደሚያመው ሰምቶ የሚያሽ ሰው አስመጣለት፤ ሊቀ መንበሩ «እንዲህ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም» እያለ ሲያወራ ዋለ። ስለ ገበሬው ሲነግሩት ግን ሳቀ። «ቆሎ? ተዉት፣ ሲርበው ይወርዳል» አለ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ፤ ሰውየው ንቆታል።

ገበሬውም አንድ ጊዜ ተሸንፏል፣ አልደብቅህም። ክፍሉን የሚያጸዱት ሰዎች በየቀኑ ትራሱ ላይ አንዲት ከረሜላ ያስቀምጣሉ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ጋ ቆሞ መንገዱን ሲያይ፣ ሳያስበው ልጦ አፉ ውስጥ ከተታት። የነቃው ጣፋጩ ምላሱ ላይ ሲሟሟ ነው። በራሱ ተናደደ። ሊተፋት አሰበ፤ የጎረሱትን መትፋት ደግሞ ነውር ሆነበት። ዋጣትና ወረቀቷን አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ አኖረ።

ሦስተኛው ቀን ደረሰ፣ አዳራሽ ገቡ። የባለጸጋው ሰዎች ግድግዳው ላይ ሥዕል እያበሩ ከጠዋት እስከ ቀትር አወሩ። ገበሬው አንዴም ሳያቋርጥ፣ አንዴም ሳያንቀላፋ አዳመጠ። ከዚያ ወረቀቱ መጀመሪያ ነጋዴው ፊት ቀረበ። ነጋዴው እንቢ ሊል አፉን ከፈተ። ባለጸጋው ፈገግ አለና «አልጋው ተመቸዎት?» ብቻ አለው። ነጋዴው አንገቱን ደፋ፣ ፈረመ። ሊቀ መንበሩም «ምን ይደረግ፣ ሰው እንዲህ አክብሮን» እያለ ፈረመ። ለገበሬው ሲደርስ ወረቀቱን ከነማኅተም ቀለሙ አመጡለት፤ አውራ ጣቱን ሊያስነክሩት።

«ጣቴ ይቆይ፤ መጻፍ እችላለሁ» አለ።

ባለጸጋው ደስ አለው። «መቼም ሦስት ቀን በክብር ያስተናገድኩዎትን አይረሱም» አለ።

ገበሬው ባዶውን የቆሎ ከረጢት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ሦስት ቀን ያስተናገደችኝ ሚስቴ ናት። እሺ የምለው ሰው ካለ እሷን ነው። እሷ ደግሞ ምንጯን ሰጥተህ እንዳትመጣ ብላኛለች።» ቀጥሎ የከረሜላዋን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ከከረጢቱ አጠገብ አኖራት። «ከእርስዎ የቀመስኩት ይህችን ነው። ለእሷ ስል ግማሽ ቀን ሙሉ አፌን ዘግቼ አዳመጥኩዎት፤ አለዚያ ገና በጠዋት ወጥቼ እሄድ ነበር። አሁን ውለታ የለብኝም።»

ብዕሩን ተቀበለና በፊርማው ቦታ በትልልቁ «አይሆንም» ብሎ ጻፈ።

ባለጸጋው ፈገግታው ጠፋ። «ባስተናገድኩህ ታዋርደኛለህ? አንተ ማን ነህና ነው?» አለ። አንቱታው ቀረ።

ገበሬውም አንቱታውን ተወው። «በልቼልህ ቢሆን ኖሮ ዝም እልህ ነበር» አለውና ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ።

መመለሻ መኪና ነሱት። በአውቶቡስ አገሩ ገባ። ምንጯ ዛሬም አጥር የላትም፣ ከብቱም ሰዉም ይጠጣል። ነጋዴው ውሃ ሊያስቀዳ ሲመጣ ግን የሚያወራው ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ገበሬው አንድ ቀን አዝኖለት «ና እስኪ፣ ቅዳ» አለው እንጂ ሌላው አላናገረውም።

አየህ ምትኩ፣ ነጋዴው ክፉ ሰው አልነበረም። ሌባም አልነበረም። ምንጯን አልሸጣትም፤ አፈረ፣ በቃ ይኸው ነው። አንተ ሰው የሚሸጠው በዋጋ ብቻ ይመስልሃል። ብዙው ሰው የሚሸጠው በማፈር ነው። ያ ገበሬ ለአንዲት ከረሜላ ግማሽ ቀን ከፈለ። አንተ ለሦስት ቀን ቁርስ፣ ምሳና እራት፣ ለዚያም አልጋ፣ ምን ልትከፍል ነው? የተሰነጠቀ ምሰሶ አግኝተህ ቀና ስትል ተቋራጩ አጠገብህ ቆሞ «አልጋው ተመቸህ?» ቢልህ ምን ልትመልስለት ነው? ያ ምሰሶ ቢወድቅ የሚወድቀው በእሱ ላይ አይደለም፤ በአንተም ላይ አይደለም። ከሥሩ ቁጭ ብለው ፊደል የሚቆጥሩት የሰፈራችን ልጆች ናቸው።

ገበሬውን ትመስላለህ ብዬ አልሸነግልህም። «እኔ እንደሆነ ሐሳቤን አልለውጥ» ያለው ነጋዴው ነው፤ ቃሉን ከአፉ ነጥቀህ ነው እኔ ጋ የመጣኸው። ስልክህ ይኸው እጅህ ላይ ነው፤ አሁን ንካው፣ ፈቅጃለሁ። እዚሁ ፊቴ ደውልና አልመጣም በለው። እሱን ለማለት ካፈርክ፣ ገና አንድ ጉርሻ ሳትበላለት ታስረሃል ማለት ነው።