ደረቅ ቋጠሮ

አንድ አሳ አጥማጅ ነበረ። ተቀመጥ፣ አንዳርጌ፤ ጥያቄህን አልዘነጋሁትም። «አባ፣ ሚስቴን እንይሽን ሽማግሌ ልኬ ሁለቴ መለስኳት፣ ሁለቴም ወደ አባቷ ቤት ሄደችብኝ፤ አሁን በምን ላስራት?» ነው ያልከኝ። የነፍስ አባቴ ስለ አሳ ምን ያውቃል አትበል። ሐይቅ ዳር የሚቀድስ ቄስ የአጥማጆችን ጭቅጭቅ እየዳኘ ነው የሚያረጀው።

ይህ ሰው ሰነፍ አልነበረም። ታንኳው ውሃ አያስገባም፣ ክንዱም ብርቱ ነው። የሚያጠምደው በመረብ ሳይሆን በክር ነበር። ማባበያውን ከእንጨት ይቀርጻል፤ ትንሽ አሳ ትመስላለች፣ ሆዷ ላይ መንጠቆ አለባት። እሷን ከናይለን ክር ጫፍ ላይ ያስርና ውሃ ውስጥ ይጎትታታል። ትልቁ አሳ እውነተኛ መስላው ሊውጣት ይመጣል።

እናቱ ታመመችበት። እህል አልወርድ ብሏት ሰነበተች። አንድ ማለዳ ግን «የአሳ መረቅ ባገኝ እቀምስ ነበር» አለች። የምግብ ስም ከጠራች ብዙ ጊዜዋ ነበርና ሰውየው ደስታው ልክ አጣ። ሮጦ ታንኳው ላይ ወጣ፣ ማባበያዋን በችኮላ ክሩ ላይ ቋጠረ፣ ጥብቅ አድርጎ ሳበና ወደ ውሃው ወረወራት።

አሳው መጣ፤ ትልቅ ነበር። ታገሉ፣ ታገሉ፤ ከታንኳው ጎን ብቅ ሲል ክሩ ድንገት ላላ። አሳው ሄደ፣ ማባበያዋም አብራው ሄደች።

ሰውየው «የቋጠሮዬ ዙር ቢያንስ ነው» አለ። ሌላ ማባበያ አወጣ። አሁን ክሩን ደጋግሞ ጠመጠመው፤ በጥርሱ ነክሶም ባለ በሌለ ጉልበቱ ባንድ ጊዜ ሳበው። ቋጠሮው ሽምብራ አክሎ ነበር። አሁንም አሳ መጣ፤ አሁንም ክሩ እዚያው ቋጠሮው ላይ ተበጠሰ። አንዲት ማባበያ ብቻ ቀረችው። ባዶ እጁን ሲመለስ የእናቱን ፊት ማየት ፈራ። እኔ በዚህ ሰው ላይ አልፈርድም። ለሚወደው ሰው ብሎ የቸኮለን ምን ብዬ እፈርድበታለሁ?

እናቱ ግን ዕድሜዋን የአጥማጅ ሚስት ሆና የኖረች ሴት ናት። «እስቲ ክሩን አምጣው» አለችው። የተበጠሰውን ጫፍ በጣቷ ዳሰሰችው። እሳት እንደ ለበለበው ጸጉር ተጠቅልሏል።

«ልጄ፣ የበጠሰው አሳው አይደለም፤ አንተ ነህ» አለች። «ደረቁን ስትስበው እርስ በርሱ ተፋትጎ ተቃጠለ። ዙር ስትጨምርበት ደግሞ ባሰበት። አባትህ እኮ ቋጠሮውን በምራቁ ሳያረጥብ አጥብቆ አያውቅም። ያውም ቀስ ብሎ ነበር።»

ሰውየው እዚያው አልጋዋ አጠገብ ቁጭ አለ። የቀረችውን ማባበያ ክሩ ላይ አስገባ፣ ቋጠሮውን አፉ ውስጥ ከትቶ አረጠበው፣ እናቱ እያየችው ቀስ አድርጎ ሳበ። በማግስቱ መረቁን ጠጣች፤ ይጨመርልኝም አለች።

እንግዲህ አንዳርጌ፣ ያ ሰው አንተ ነህ። መጀመሪያ ሽማግሌ ላክህ፤ እነሱም «ይቅር በይ» ብለው ባንድ ቀን አስታረቋችሁ። ስትሄድብህ ሽማግሌ ጨመርክ፣ ዋስ አስጠራሃት፣ አስማልካት። ማናችሁም ውሸት አልተናገራችሁም። የተናገራችሁት ሁሉ ግን ደረቅ ነበር።

እንይሽ ለምን እንደምትሄድ አገሩ ያውቃል፤ የሚነግርህ ነው የጠፋው። አምና ልጃችሁን ቀበርን። ፍትሐቱን ያደረስኩት እኔ ነኝ። በሠልስቱ ማግስት በሬህን ጠምደህ ወጣህ። እሷ ስታለቅስ «እግዜር ሰጠ፣ እግዜር ነሳ፤ በቃሽ» አልካት። ቃሉ እውነት ነው፤ እኔም እሰብከዋለሁ። ነገር ግን የልጇ አባት ሲያለቅስ አንድ ቀን አላየችም። ያን ልጅ ብቻዋን የቀበረች መስሏታል። አንተ እንዳዘንክ እኔ አውቃለሁ፤ እሷ በምን ትወቀው? የወንድ ልጅ ዕንባ ወደ ሆዱ ይፈሳል ይባላል። ወደ ሆድ የፈሰሰ ዕንባ ቋጠሮ አያረጥብም።

ስለዚህ ለነገ የመረጥካቸውን ሽማግሌዎች አስቀር፤ ብቻህን ሂድ። ተመለሽ አትበላት። አጠገቧ ተቀመጥና የልጃችሁን ስም ጥራላት፤ «ይበልጣል» በል።

አየህ፣ እኔ ስሙን ስጠራው እንኳ ዓይንህ ዕንባ ሞላ። አይዞህ፣ አትፈር። ግን እዚህ እኔ ፊት አትጨርሰው፤ ተነስና እሷ ዘንድ ሄደህ አልቅስ።